ወገቡን ላመመው ሰው መርፌው ጆሮው ላይ

ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የ4 በ100 ሜትር ነፃ ዋና ቅብብል ሊጀመር ነው። አሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ ወደ ገንዳው ጠርዝ ሲቀርብ ካሜራው ከፊቱ ይልቅ ትከሻው ላይ ተተከለ። ትከሻና ጀርባው ላይ የስኒ አፍ የሚያህሉ፣ የበለዘ ቀለም ያላቸው ክብ ክብ ምልክቶች ተደርድረዋል። በማግስቱ የዓለም ጋዜጦች "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" እያሉ ገጻቸውን ሞሉት። ባለሙያ ተጠራ፣ ሐኪም ተጠየቀ። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ውድድሩን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ግን ባለሙያ መጥራት አያስፈልገውም። ዋግምት ነዋ!

ፌልፕስ ከሪዮ 5 ወርቅና 1 ብር ይዞ ተመልሷል። ወርቁን ያመጣለት ዋግምቱ ነው የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን ስፖርተኛ ሲያመው ትዕግሥት እንደሌለው፣ "ቶሎ ይሻልሃል" ያለውን ሁሉ እንደሚሞክር ማንም ያውቃል። ቅዳሜ ጨዋታ አለ፣ እሁድ ሩጫ አለ። በኅዳር ወር 2002 ዓ.ም. የአርሰናሉ ሮቢን ቫን ፐርሲ ከጣሊያን ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱን ሲጎዳ ቤልግሬድ ድረስ ተጉዞ ከፈረስ እንግዴ ልጅ በተሠራ ፈሳሽ መታሸቱን የአርሰናል ደጋፊ አይረሳውም። ያም ሆኖ ወደ ሜዳ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። የ100 ሜትሩ ንጉሥ ዩሴን ቦልትም አከርካሪው ከተፈጥሮው የተጣመመ በመሆኑ ወገቡን ለማሳየት ጀርመን ሙኒክ ድረስ ይመላለስ ነበር። በዚያ ወገብ ነው እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 9.58 የሮጠው።

እነዚህ ሰዎች ገንዘቡም፣ አውሮፕላኑም፣ ሐኪሙም አላቸው። ወገቡን ከማንኛውም አትሌት ባላነሰ የሚያሠራው የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም።

የጎጃም ወገብ

ለጤፍ የሚሆን ማሳ አንዴ ታርሶ አይተውም፤ አራቴም አምስቴም ይደጋገማል። ገበሬው በአንድ እጁ ዕርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ፣ ወደ አንድ ጎን ጎበጥ ብሎ ከበሬዎቹ ኋላ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ማረሻው ድንጋይ በነካ ቁጥር ንዝረቱ የሚያርፈው ወገቡ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ አረም አለ፣ እሱም ተጎንብሶ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አጨዳ አለ፣ እሱም ተጎንብሶ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ድሮ እንስራ፣ ዛሬ ቢጫ ጀሪካን ይሸከማሉ፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ መሆኑን ልብ ይሏል። በቡሬ ገበያ በቆሎና በርበሬ መኪና ላይ የሚጭኑት ልጆች ኩንታል ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው በሳንቃ ሲወጡ ያየ ሰው፣ ክብደት ማንሳት ኦሊምፒክ ላይ ብቻ የሚደረግ አይመስለውም።

ጨዋታውም ቢሆን ወገብ አይምርም። ገና ሲመታ፣ በጥምቀት ጉግስ ሲጋለብ መውደቅ አለ። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የፈረሱን ብዛት አይቶ የማይደነቅ የለም። ፈረሰኛው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚይዘው ወገቡን ነው።

"ወገቤ ተቆረጠ" የሚባለው ቀን የሚመጣው ታዲያ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ነው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ቀንበር ያነሳል፣ በዚያው ይቀራል፤ መቆምም መቀመጥም አይችልም። መጀመሪያ ቅቤ ይታሻል። ቀጥሎ ወጌሻ ይጠራል። ካልሆነ ዋግምት፣ ካልሆነ በጋለ ብረት መተኮስ፣ ጠበልም አለ። ይሄ ሁሉ አልፎ ሕመሙ ሲጠና ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ያደርሰዋል። እዚያ በአብዛኛው የሚጠብቀው የዳይክሎፌናክ መርፌ ነው። መርፌው ያስታግሳል፣ ይሄ አይካድም። ሆኖም የጨጓራ ሕመም ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ደጋግሞ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም።

ይህ የጎጃም ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ተጠንቷል። በ2050 ቁጥሩ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ሰዎችን ከሥራ ውጪ በማድረግ ከዓለም በሽታዎች ሁሉ የሚቀድመውም ይኸው የወገብ ሕመም ነው።

ጆሮና ወገብን ምን አገናኛቸው?

ነገሩ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ሰውየው ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ገብቶ ሐኪሙ ጆሮውን መውጋት ይጀምራል። ግን ታሪክ አለው፣ ታሪኩ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ፖል ኖዥዬ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። አንዳንድ ታካሚዎቻቸው ጆሮ ላይ ትናንሽ የቃጠሎ ጠባሳ ያያሉ። ሲጠይቁ፣ ማርሴይ ያለች አንዲት ባህላዊ ሐኪም ከወገብ ወደ እግር ለሚወርድ ሕመም ጆሯቸውን እንደተኮሰቻቸውና እንደተሻላቸው ይነግሯቸዋል። አዎ፣ መተኮስ! እኛ ለወፍ በሽታና ለቁርጥማት የምናውቀው የጋለ ብረት ፈረንሳይ ውስጥ ጆሮ ላይ ሲሠራ ተገኘ ማለት ነው። ሌላ ሐኪም ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ኖዥዬ ግን አልሳቁም፤ እሳቱን በመርፌ ተክተው ዓመታት ሙሉ የጆሮን ካርታ ሲሠሩ ቆዩ።

ካርታቸው የሚገርም ነው። ጆሮን በእናቱ ማኅፀን ውስጥ ተዘቅዝቆ እንደተኛ ሕፃን ያዩታል። ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ለስላሳው ቦታ ጭንቅላቱ ነው። ከጆሮ ጠርዝ ገባ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው ጉብታ አከርካሪው ነው። ወገቡ የሚገኘው ከጉብታው ላይኛው ክፍል ነው። ሥራቸው ይፋ ከሆነ በኋላ፣ መርፌን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ቻይናውያን ሳይቀሩ ካርታውን ወስደው አስፋፍተውታል። ስለዚህ የጆሮ አኩፓንክቸር በዛሬ መልኩ ከቻይና ብቻ የመጣ አይደለም፤ ግማሹ የፈረንሳይ ነው።

ካርታው እውነት ነው ወይ? እዚህ ላይ ሳይንሱ ይከፋፈላል። ጆሮ ላይ ያለ ነጥብ በቀጥታ ከወገብ ጋር ስለመገናኘቱ ቁርጥ ያለ ማስረጃ አልተገኘም። የሚታወቀው ጆሮ በነርቭ የበለፀገ መሆኑ ነው። ከአንጎል ተነስቶ እስከ ልብና ጨጓራ የሚወርደው ቫገስ የተባለው ትልቅ ነርቭ ወደ ቆዳ ብቅ የሚልበት ቦታ ጆሮ ነው። መርፌው ይህንን ሲነካ አንጎል የሕመሙን ድምፅ ይቀንሰዋል፣ ሰውነትም የራሱን ማስታገሻ ያመነጫል ይላሉ የሚደግፉት። የማይደግፉት ደግሞ "ሰውየው ስለተነካና ተስፋ ስለሰጡት ነው" ይላሉ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም።

ከጦር ሜዳ ወደ ድንገተኛ ክፍል

ጆሮን ወደ ድንገተኛ ሕክምና ያስገባው ወታደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የሆኑት ዶክተር ሪቻርድ ኒምትሶ "የጦር ሜዳ አኩፓንክቸር" የሚባለውን ዘዴ አወጡ። ዘዴው አጭር ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ላይ አምስት ነጥቦች ብቻ አሉ። መርፌዎቹ በጣም አጫጭር ስለሆኑ ተሰክተው እዚያው ይቀራሉ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በራሳቸው ይወድቃሉ። ታካሚው ልብሱን ማውለቅ፣ አልጋ ላይ መተኛት አያስፈልገውም። አንድ መርፌ ይገባል፣ "እስቲ ተራመድ" ይባላል። ሕመሙ ስንት ቀነሰ? ሁለተኛው ይገባል፣ እንደገና ይራመዳል። ሕመሙ በቂ ሲቀንስ ይቆማል፤ አምስቱም ላያስፈልጉ ይችላሉ። ይህንን ያየ የእግር ኳስ ሰው በመስመሩ ዳር ተጫዋቹን "እስቲ ሩጥ" እያለ የሚፈትሸው የቡድን ወጌሻ ትዝ ይለዋል።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካን ድንገተኛ ሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ወገባቸውን ይዘው ድንገተኛ ክፍል የገቡ 30 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። 15ቱ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ፤ 15ቱ ከተለመደው በተጨማሪ የጆሮ መርፌ ተሰጣቸው። ከሕክምናው በኋላ ከ10 በተሰጠ የሕመም ነጥብ ጆሯቸውን የተወጉት 5.2፣ ያልተወጉት 6.9 ሆኑ። ልዩነት አለ። ነገር ግን ከወንበር ተነስቶ ተራምዶ በመመለስ ፈተና ሁለቱ ቡድኖች ያው ነበሩ። ሕመሙ ቀነሰ እንጂ ፍጥነት አልጨመረም ማለት ነው። 30 ሰው ደግሞ ከአንድ የእግር ኳስ ቡድን ስብስብ እምብዛም አይበልጥም፤ በዚህ ብቻ ዋንጫ አይሰጥም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ በሆኑ የጡንቻና የአጥንት ሕመምተኞች ላይ የጆሮውን፣ የሌላ አካል መርፌንና የተለመደውን ሕክምና ብቻውን አወዳድረው ሁለቱም የመርፌ ዓይነቶች ከተለመደው ሕክምና በላይ ሕመም መቀነሳቸውን አሳተሙ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 በሜልቦርን አራት ሆስፒታሎች በ528 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ጆሮ ላይ ብቻ ያተኮረ ባይሆንም ለስፖርት ሰው ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም የወገብ ሕመም ብቻ ሳይሆን የቁርጭምጭሚት ወለምታም ነበረበት። ለሁለቱም አኩፓንክቸሩ ከመድኃኒቱ አላነሰም፣ አልበለጠም፤ አቻ ወጡ። ከዚያ ጥናት ማንም ብዙ የማያወራለት ነገር ግን ይኼኛው ነው፦ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በሚገባ የተሻላቸው በየትኛውም ቡድን ከ40 በመቶ በታች ነበሩ። በመርፌም ሆነ በመድኃኒት የወገብ ሕመም በአንድ ሰዓት አይጠፋም። "ወዲያው ድኜ ወጣሁ" የሚል ወሬ ስትሰሙ ይህንን አስታውሱ።

የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴን፣ የአካል ሕክምናን፣ ምክርንና እንደ አኩፓንክቸር ያለ የመርፌ ሕክምናን ከሚጠቅሙት መሐል አስገብቷል። የወገብ ቀበቶንና ጠንካራ ማደንዘዣ መድኃኒቶችን ግን አይመክርም። ወገቡን በመታጠቂያ አጥብቆ አስሮ ኩንታል ለሚሸከመው የቡሬ ልጅ ይህ ደስ የሚል ዜና አይደለም።

የጥሩነሽ ስም ያለበት ሆስፒታል

ወደ አገር ቤት ስንመጣ የአኩፓንክቸር መንገድ በአትሌቲክስ በኩል ማለፉ ያስገርማል። ነሐሴ 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ጥሩነሽ ዲባባ ቤጂንግ ላይ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ54.66 ሰከንድ ሮጣ ወርቅ ወሰደች። ከሳምንት በኋላ ነሐሴ 16 ደግሞ 5,000 ሜትሩን ደገመችው። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለቱን ርቀት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ቻይና በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ያሠራችው ሆስፒታል በስሟ "ጥሩነሽ ቤጂንግ" ተባለ፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የሚመላለሰው፣ ከሄናን ግዛት የሚመጣው የቻይና የሕክምና ቡድን እዚያ ይሠራል። ከሚሰጣቸው ሕክምናዎች አንዱ አኩፓንክቸር ነው። ወገባቸውን፣ አንገታቸውንና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ለመርፌው ይሰለፋሉ።

እንግዲህ የፍኖተ ሰላሙ ሰው እዚያ ለመድረስ ምን ያስፈልገዋል? ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ወገቡን የያዘው ሰው አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ደምበጫን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ደጀን ሲደርስ ገና ዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። ጠመዝማዛውን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሽቅብ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። አዲስ አበባ ሲገባም አላበቃም፤ አቃቂ ከተማዋን አቋርጦ በደቡብ በኩል ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ ከዚያ ጉዞ ሲወርድ ወገቡን ይዞ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ መንገዱ የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሰዎች ለውጭ ዜና ወኪሎች ተናግረዋል። እንዲህ ባለ ቀን ድንገተኛ ክፍል የገባ ወገብ ሕመምተኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መጠበቅም አለበት፤ ከእሱ የባሰ ሞልቷል። ግን ማስታገሻ ሲያልቅ፣ መኪና ሲጠፋ፣ አልጋ ሳይዝ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ በደቂቃዎች የሚሰጥ ነገር ቢኖር ለማን ነው የሚጠላው? የጦር ሜዳ አኩፓንክቸር የተፈጠረውም ለእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ጆሮ ከመወጋቱ በፊት

አንድ ነገር ግን ሊዘለል አይገባም፣ ይሄ ክፍል ከመርፌው ይበልጣል። አብዛኛው የወገብ ሕመም የጡንቻና የጅማት ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ጥቂቱ ግን ሌላ በሽታ ነው፣ እሱን በመርፌ ማስታገስ እሳት ላይ ጨርቅ እንደመጣል ነው።

ሰውየው ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ካቃተው፣ በሁለቱ ጭኖቹ መሐል ኮርቻ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ እግሩ እየዛለ ከሄደ፣ ጉዳዩ የሰዓታት ነው፤ ነርቮቹ ተጨምቀዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሕክምና ወዳለበት መላክ አለበት። ከፈረስ ወይም ከዛፍ ወድቆ ወገቡን ለያዘው ሰው አጥንቱ መሰበር አለመሰበሩ ሳይታወቅ ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት አደጋ ነው። ሕመሙ ለወራት ከቆየ፣ ማታ ማታ ካላበው፣ ትኩሳት ካለው፣ ከከሳ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ይጠረጠራል። ቲቢ ሳንባ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ አከርካሪንም ይበላል፣ ካልታከመ ጀርባ ያጎብጣል፣ እግር ያሽመደምዳል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው የሚሰጠው። ይህንን ሕመምተኛ ዓመት ሙሉ በዋግምትና በመተኮስ ማመላለስ ልጅን በቁሙ መቅበር ነው። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ከብት አርቢም ወገቡን ሲያመውና ሲያተኩሰው ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ መመርመር አለበት።

ስለ ምላጭም ይነሳ። ደም የሚያስወጣው ዋግምት ላይ ቆዳ ይበጣል። ያው ምላጭ ወይም ያው ቀንድ ከአንዱ ወደ ሌላው ከዞረ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ አብሮ ይዞራል። የጆሮ መርፌም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ አንዴ ተጠቅሞ የሚጣል፣ ከፋብሪካው ታሽጎ የመጣ መሆን አለበት። የጆሮ ልስልስ አጥንት አንዴ ከመረቀዘ በቀላሉ አይድንም።

በእግር ኳሳችን ቋንቋ ቦርሳ ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ሰው "ወጌሻ" ነው የምንለው። የፕሪሚየር ሊጉም፣ የወረዳ ውድድሩም እንደዚያ ይጠራዋል። ስሙ ከገጠሩ አጥንት ጠጋኝ የተወሰደ ነው፤ ሥራውም ከዚያ የራቀ አይደለም። የጣና ሞገዶቹን ያፈራው ክልል ውስጥ በየወረዳው በርካታ ቡድኖች አሉ፣ አብዛኛዎቹ በበረዶና በመርጪ ነው የሚኖሩት። ተጫዋች ወገቡን ሲይዘው ሰፈር ያለውን ወጌሻ ጠርቶ እግሩን ማስጎተት የተለመደ ነው። መጎተትን ግን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከማይመክራቸው ሕክምናዎች መሐል አስቀምጦታል። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ማረፍም መድኃኒት አይደለም፤ በልኩ መንቀሳቀስ ይሻላል። አርሶ አደሩም እንዲሁ። ቀንበሩን ለጥቂት ቀን ለልጁ ይስጥ እንጂ ከቤት ወጥቶ ይራመድ።

የጆሮ መርፌው ለምዕራብ ጎጃም የሚስበው አንድ ነገር ሥልጠናው ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የአኩፓንክቸር ባለሙያ ያልሆኑ ሐኪሞችና ነርሶች ጭምር በሰዓታት በሚቆጠር ትምህርት አምስቱን ነጥቦች ተምረው ይሠሩታል። ትልቅ መሣሪያ የለውም፣ መብራት ቢጠፋ አይቆምም። በአቃቂው ሆስፒታል ያሉት ቻይናውያን ሐኪሞች በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ አንዱ ቡድን ተሰናብቶ ሌላው ይተካል። እጃቸው ላይ ያለውን ይዘው ከሚመለሱ ከየዞኑ ሆስፒታል አንድ አንድ ነርስ ወደ አቃቂ ተልኮ ጥቂት ሳምንት አብሯቸው ቢቀመጥ ወጪው የአንድ ተጫዋች የፊርማ ገንዘብ አይሆንም። ከዚያ ሰኔ ሲገባ፣ ማሳው እርጥብ ሆኖ በሬው ተጠምዶ ባለቤቱ ወገቡ ሲያዝ፣ ዓባይን ሳይሻገር ጆሮውን የሚነካለት ሰው ፍኖተ ሰላም ላይ ያገኛል። ግማሽ ሕመሙ እንኳ ቢለቀው በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።